ወተት የሌለበት ብስኩት

የቀበሌ ሊቀ መንበር «ሰብሉ ጥሩ ነው» ቢለኝ ማሳው ድረስ ሄጄ አያለሁ፤ ገበሬውን እጠይቃለሁ፤ ካልተስማሙ ሦስተኛ ሰው እፈልጋለሁ። ደብረ ታቦር ላይ ለዓመታት በጋዜጠኝነት የሠራሁት እንዲህ ነው። ብስኩት ስገዛ ግን የማጣራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ወተት አለበት ወይስ የለበትም?

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ሐኪም ቤት ስሄድ ደሜን ያየችው ሐኪም ሳትቀልድም ሳታጽናናም «ስኳርህ ድንበሩ ላይ ነው። ጣፋጭና ጥብሳጥብስ ካልተውክ ሌላ ወሬ እናወራለን» ብላኝ ነበር። ሌላው ወሬ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። አባቴ የጉናን ዳገት ያለ ከዘራ ይወጡ የነበሩ ሰው፣ በዚሁ በሽታ አንድ እግራቸው ተቆርጦ አልጋ ላይ ውለዋል። የእኔም እንጀራ በእግር ነው፤ ደህና ዜና የሚገኘው መኪና ከማይገባበት ቀበሌ ነው።

ስለዚህ ጾሙን እንደ መድኃኒት ቆጠርኩት። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም የለ። ከዚህ በላይ ራስን መግዛት ከየት ይመጣል? ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ሽሮዬን በልቼ ቢሮ ስመለስ ግን የአዲስ አበባው አዘጋጅ ይደውላል። «ዜናው የት ደረሰ?» ይላል። እኔ በአንድ እጄ ስልኩን ይዤ በሌላው መሳቢያ እከፍታለሁ። ብስኩት፣ ሐላዋ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ የድንች ጥብስ። አዘጋጁ ይጮሃል፣ እኔ አኝካለሁ። ስልኩ ሲዘጋ መሳቢያው ባዶ ነው፤ ምን እንደበላሁ ቢጠይቁኝ ግን ጣዕሙን አላውቀውም።

ከፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ወጣት ባልደረባዬ አንድ ቀን አላስችል አላት።

«ጋሼ፣ ደግሞ ገዙ?»

«የጾም ነው» አልኳት፣ ጥቅሉን እያሳየኋት። «ወተት የለው፣ እንቁላል የለው።»

«ስኳሩስ?»

«ስኳር ያስገድፋል እንዴ?»

«እኔ ስለ ጾሙ መች ጠየቅኩዎት? ስለ እርስዎ ነው እንጂ።»

የቀሩት የቢሮው ወንዶች ደግሞ ቦምቦሊኖ አፋቸውን ሞልቶት «ወንድ ልጅ ቆራጥ ነው!» ይሉኛል። እነሱም የሚያጣሩት የወተቱን ነገር ብቻ ነው። በከተማው ውስጥ ጾመኛ የሆነ ሁሉ፣ ያላስገደፈውን ነገር ጤና ነው ብሎ ተስማምቷል።

በመጨረሻ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«አባ፣ ከብስኩት ይገዝቱኝ» አልኳቸው።

ሳቃቸውን አልያዙም። «ወንድሙን አላናግር ያለ ሰው ሲገዘት አውቃለሁ። ለከረሜላም መስቀል ላንሣ?»

«አልቻልኩም አባ።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓትስ ማን ቻለልህ?»

«ጾም ስለሆነ ነዋ።»

«ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ጾሙ ወዴት ሄደ? ሆድህን አስረህ ትውልና ለመሳቢያ ትለቀዋለህ። አንተ ልጄ፣ ሰዓት ትጠብቃለህ እንጂ አትጾምም።»

ግዝቱን ከለከሉኝ። ተናድጄ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሱቅ ሳይ ገባሁና ጥቅል አንሥቼ ጽሑፉን ማንበብ ጀመርኩ። ያኔ ራሴን ታዘብኩት። ከበላሁ ገና ሰዓት አልሞላኝም፤ የገባሁት ተናድጄ ነው። አዘጋጁ ሲጮህም የማኝከው በዚሁ ምክንያት ነበር። ጥቅሉን መልሼ አስቀመጥኩ።

«ወተት አለው እንዴ?» አለኝ ባለሱቁ፤ ለጾመኛ ሌላ ምክንያት አልታየውም።

«የለውም» ብዬው ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ አዘጋጁ ሲደውል ስልኩን ይዤ ወደ ግቢ መውጣት ጀመርኩ፤ ባህር ዛፉ ሥር መሳቢያ የለም። መሳቢያውንም በአሮጌ ካሴት ሞላሁት። የቢሮው ጀግኖች «ዛሬም ከዛፉ ጋር ተጣላ» እያሉ ሳቁብኝ። እየሳቁም በሉ።

ከፋሲካ በኋላ ሐኪሟ ደሜን አይታ «ወርዷል፤ ግን እንዳትፎክር» አለችኝ። በዚያው ሰሞን የጉናን ገብስ በረዶ መታውና ለዜናው ወጣሁ። ዳገቱ መሐል አዘጋጁ ደወለ። «የት ደረሰ?» አለ። እጄ ኪሴ ገባ፤ ባዶ ነበር። መልስ ሰጥቼው መንገዴን ቀጠልኩ።

ስመለስ ወላጆቼ ቤት ገባሁ። አባቴ ጫማዬ ላይ ያለውን ጭቃ ከአልጋቸው ሆነው አዩት።

«ጉና ወጣህ?»

«ወጣሁ።»

«በእግርህ?»

«በእግሬ።»

ወደ በሩ ተመለከቱ። እናቴ እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ብስኩት ይዘሃል?» አሉኝ።

«አልያዝኩም።»

«ምን ዓይነት ልጅ ነህ አንተ!» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ የጫማዬን ክር መፍታት ጀመርኩ።