ጀርባዋን ለሥዕሉ ሰጥታ የኖረች ሴት

ሰው ዕድሜውን ሁሉ የሌላ ሰው እጅና እግር ሲጠብቅ ቢያሳልፍ፣ ኖረ ይባላል? የኦሳካዋ ሺዙኤ ኩራሞቺ ሥራዋ ይኸው ነበር። ከግብፅ በመጣ ድንጋይ፣ ከፋርስ በመጣ ሳህን፣ ከሆላንድ በመጣ ሥዕል በተሞላ ታላቅ ሙዚየም ውስጥ፣ ለቅርሱ ሲባል ክረምትም በጋም በሚቀዘቅዝ አዳራሽ፣ ጉልበቷ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጋ፣ ጎብኚ ቅርስ እንዳይነካ እየጠበቀች ከሃያ ዓመት በላይ ተቀምጣለች። እስክሪብቶ ያወጣ ጎብኚ ስታይ ቀለሙ ቅርስ እንዳያበላሽ ብድግ ብላ እርሳስ ታቀብለዋለች። ሰው ሲበዛ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሳይቆሙ እየተራመዱ እንዲያዩ ትለምናለች።

ጎብኚዎቹን ትንቃቸው ነበር፤ አይፈረድባትም። ግማሽ ቀን በዝናብ ተሰልፈው ይገቡና፣ ሥዕሉን ትተው ከጎኑ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያነባሉ። ከዚያ ቀና ብለው ሥዕሉ በቦታው መኖሩን ያረጋግጡና ያልፋሉ። ሥዕሉ የታተመበትን ጃንጥላ ለመግዛት ግን የሙዚየሙ ሱቅ በር ላይ ሲጋፉ ይውላሉ። ዓለምን አየን ብለው የሚያወሩት እነዚህ ናቸው።

«መብራቱን አጥፍተን ጽሑፉን ብቻ ብናበራላቸው፣ አመስግነው ይወጡ ነበር» ትል ነበር ለባልደረቦቿ።

ጡረታ በወጣች ሳምንት ጎረቤቷ ወይዘሮ ኢናጋኪ ስለ ዝነኛው የሆላንድ ሥዕል፣ ቀይ ሥር ስለምትልጠው ሴት ጠየቀቻት።

«ወይዘሮ ኩራሞቺ፣ ከእርስዎ ወዲያ ማን ያውቃታል? ሴትዮዋ ፈገግ ብላለች ወይስ ከፍቷታል?»

ሺዙኤ ወሬውን ወደ አየሩ ጠባይ አዞረች። ወንበሯ ከሥዕሉ ሥር ነበር፤ ሴትዮዋም ያን ሁሉ ዘመን ከጀርባዋ። የናቀቻቸው ሰዎች ቢያንስ ቀና ብለው አይተዋታል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ያቺን ፊት ሳታይ መሞት፣ ከእነዚያ ሁሉ ማነስ መሰላት።

በማግሥቱ እሑድ እንደ ማንም ቲኬት ቆርጣ ገባች። ሥዕሉ ዘንድ ስትደርስ ግን እግሯ ራሱ አዞራት። ጀርባዋን ለሥዕሉ፣ ፊቷን ለሕዝቡ ሰጥታ፣ እጇን ሆዷ ላይ አጣምራ ቆመች።

«እናት፣ ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነው?» አላት አንድ ጎልማሳ።

አሳየችው። አንዲት ሴት ደግሞ እርሳስ ጠየቀቻት። ሺዙኤ ኪሷን ዳበሰች፤ ባዶ ነበር። ያኔ ነው የቆመችበትን ያስተዋለችው። በራሷ አፍራ ዞረች። ቢላዋ ታያት፤ የቀላ ጣት ታያት። ከአንገት በላይ ግን የሰው ራስ ጋርዶታል። አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይተካል፤ እያንዳንዱም በአገሩ የጨዋ ደንብ ጎንበስ ብሎ፣ መዳፉን እንደ ቢላዋ ከፊቱ አቁሞ፣ ይቅርታ እየጠየቀ በአፍንጫዋ ሥር ሰንጥቆ ያልፋል። እንዲህ ያለ ትሕትና ከስድብ ይከፋል።

በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ለራሷ ለመነች።

«እባካችሁ፣ ለአንድ አፍታ ፈቀቅ በሉልኝ። ፊቷን ብቻ ልይ።»

ጎንበስ አሉላት፤ ፈቀቅ ያለላት ግን አልነበረም።