ባለቤቴ አንደኛ ክፍል የገባ ሰሞን

አንድ ተራ ቀን ባለቤቴን ወጋየሁን ምን ያስወጣዋል ብትሉኝ በብር አልቆጥርላችሁም። ከቦኖ ውሃ ለማምጣት ወገቡን፣ ሽሮው እንዳያርበት ዓይኑን፣ ሰልፉ ላይ «ዛሬስ ወጡ ምንድን ነው፣ እሜቴ?» ለሚሉት ጎረምሶች ደግሞ ትዕግሥቱን ያስወጣዋል። ማታ ከክር ፋብሪካው ስመለስ የሚተርፈው ጥርሱ ብቻ ነው፤ እሱንም ይስቅበታል።

ቤት የዋለው ወዶ አይደለም። በታይፒስትነት ይሠራበት የነበረው የግል ቢሮ ሲዘጋ ልጃችን ቡዜ ገና ትድህ ነበር። እኔ ሥራ ነበረኝ፣ እሱ ጊዜ ነበረው፤ በዚሁ ተስማማን። ልጅቷን አዝሎ ነፋስ ስልክን ሲዞር ሰው መሳቅ ሰለቸው እንጂ እሱ ማዘል አልሰለቸውም።

ዘንድሮ ቡዜ ሰባት ዓመት ሞላትና የቀበሌያችን ትምህርት ቤት አስገባናት። በመጀመሪያው ቀን የአባቷን ኮት ጨምድዳ ይዛ አለቅም አለች። አስተማሪዋ አሰገደች «ለዛሬ ብቻ ኋላ ይቀመጡ» አለችው። ተቀመጠ። በማግስቱም ተቀመጠ። አግዳሚው ለሕፃን የተሠራ ስለሆነ ጉልበቱ ጆሮው ጋ ይደርሳል። ሽንት ቤት እንኳ ልሂድ ካለ ቡዜ ታለቅሳለች፤ ቡዜ ካለቀሰች ክፍሉ በሙሉ ያለቅሳል። በከንቱ ከሚቀመጥ ብላ አሰገደች ደብተርና እርሳስ ሰጠችው። እሱም ከልጆቹ ጋር «ሀ» ይጽፍ ጀመር።

በሳምንቱ ዲሬክተሩ ጠራው። «አቶ ወጋየሁ፣ ይሄ ትምህርት ቤት እንጂ የለቅሶ ድንኳን አይደለም። ወላጅ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም። ልጅቷ ብቻዋን መቀመጥ ካልቻለች ቦታዋን ተራ ለሚጠብቅ ልጅ እንሰጣለን።»

ያን ቀን ሽሮው አረረበት።

በማግስቱ ለመጨረሻ ጊዜ ብሎ እንደተቀመጠ የመሠረተ ትምህርት ኮሚቴው ጓድ ሂርጳ ገባ። ጓድ ሂርጳ ክፉ ሰው አይደለም፤ ጨንቆታል። ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጎብኚዎች ሊመጡበት ነው፤ እዚሁ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው የአዋቂዎቹ ክፍል ደግሞ ባዶ ነው። ይማራሉ የተባሉት በፉሪ በኩል ያሉት ገበሬዎች አረም ላይ ናቸው። ይህን የሚያህል ሰውዬ ኋላ ተቀምጦ «ሀ» ሲጽፍ ሲያይ ፊቱ በራ።

«ጓድ፣ የት ደረሱ?»

«እኔ እንኳ ታይፒስት…»

«አይፈሩ! አለመማር አያሳፍርም።»

«ኧረ ማንበብ እችላለሁ!»

«ይችላሉ! ይችላሉ እንጂ! ጊዜ ነው የሚፈልገው።»

አሰገደች ከሂርጳ ጀርባ ሆና ጠቀሰችው። ወላጅ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም፤ ተማሪ ግን ይቀመጣል። ወጋየሁ ልጁን አየ። ኮቱን እንደያዘች ናት።

«እንግዲህ…» አለ፤ «ከ‹ሀ› አላለፍኩም።»

ባለቤቴ እንዲህ ሆኖ ማይም ተብሎ ተመዘገበ፤ ለጊዜውም እዚያው ከልጆቹ ኋላ እንዲማር ተባለ። ዲሬክተሩም የቡዜን ቦታ ለሌላ ልጅ መስጠቱን ተወው።

ጉብኝቱ ሲቃረብ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ማንበብ አለመቻል ለካ ጥናት ይፈልጋል። ቡዜን ጎረቤት ልከን፣ እሱ ድስት እያጠበ እኔ አስጠናሁት።

«አሁንም ፈጠንክ። ‹ላም› ለማለት ቢያንስ ግንባርህን ቋጥር።»

«ላ…»

«እ?»

«…ም።»

«ጎበዝ! አንተማ ምንም አታውቅም!»

በጉብኝቱ ቀን ጣቱን ሰሌዳው ላይ እየጎተተ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላይ ተንገዳገደ። ጎብኚዎቹ እያዘኑለት ሲያዩት ቡዜ ብድግ አለች።

«አባዬ! ምን ሆነሃል? ትናንት ጋዜጣ አንብበህልኝ የለም እንዴ!»

ጠመኔው ከአሰገደች እጅ ወደቀ። ጓድ ሂርጳ ግን እጁን አንስቶ አጨበጨበ።

«አያችሁ ጓዶች! በሁለት ሳምንት ጋዜጣ!»

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ወጋየሁ ምሳሌ የሚሆን ተማሪ ተብሎ ሳሙና ተሸለመ።

ቡዜ ግን አፍራበታለች። ሲመለሱ እጁን ሳትይዝ ከፊት ከፊት ሄደች። ቤት እንደደረሱ «አባዬ፣ ነገ አንተ ቤት ዋል» አለችው። «ይስቁብኛል። ተምሬ ስመጣ ቀስ አድርጌ አሳይሃለሁ።»

በማግስቱ ብቻዋን ገባች። አላለቀሰችም።

ወጋየሁ ከበሩ ደርሶ ተመለሰ። «አለቅም ያለችው እሷ መስሎኝ ነበር እኮ» አለኝ። «ስትገባ ጊዜ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።» እኔም አይዞህ አልኩት፤ አሁን ሥራ መፈለግ ትችላለህ።

ምን ዋጋ አለው! ታይፒስት የሚፈልግ መሥሪያ ቤት አገኘ፤ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍለት ቀበሌው ነው፤ ቀበሌው ደግሞ ማይም ብሎ መዝግቦታል። ጓድ ሂርጳም ጠዋት በራችን ላይ ቆሞ «ተማሪ ወጋየሁ! ምነው ቀሩ?» ይላል። ምሳሌ የሆነ ተማሪ ከፈተና በፊት አያቋርጥም፣ ቢያቋርጥ ክፍሉ ይዘጋል። አሁን ልጅቷ ቀድማ ትሄዳለች፤ አባትየው እንዳታፍርበት ራቅ ብሎ ይከተላታል፤ ከዚያ በአዋቂዎቹ ክፍል እሱና ጓድ ሂርጳ ብቻ ተፋጠው ይውላሉ።

ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጦ ሽንኩርት እየላጠ ነው። «ይቺን ጨምሪልኝ» ይላል፦

«ነፋስ ስልክም ይሁን እስከ ፉሪ ድረስ፣ ፊደል ያልቆጠረ ትልቅ ሰው የምታውቁ ሁሉ፣ እባካችሁ ወደ ጓድ ሂርጳ ክፍል ይዛችሁልኝ ኑ። ጥቂት ሰው ካገኘ እኔን ይለቀኛል። እስኪለቀኝ ድረስም አጠገባቸው ተቀምጬ፣ እሱ ሳያየኝ፣ አስጠናቸዋለሁ።»