ከቱታው ላይ የተራገፈ ብናኝ

ሰሞኑን ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና በሚኒባስ ስወርድ ጣርማ በር ላይ ጉም ዋጠን። ከፊታችን የሚያዘግም የጭነት መኪና ፍሬኑ ግሎ ሽታው በመስኮት ገባ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ያሳደገችኝ አክስቴ የየሻረግ ቤት እንዲህ ነበር የሚሸተው።

ባሏ ጋሽ ታደሰ ደብረ ሲና ላይ የመኪና ፍሬን ጠጋኝ ነበር። ቁልቁለቱ የበላውን የፍሬን ሸራ ሲፍቅ፣ ብናኙን በአየር ሲነፋ ይውልና ማታ ግራጫ ሆኖ ይመጣል። እሷ ቱታውን ደጅ ላይ አራግፋ ታጥባለች። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ዳገቱ ቀርቶ ከጓዳ እስከ ደጅ መሄድ ከበዳት።

ደብረ ብርሃን ራጅ ስትነሳ በቀኝ ሳንባዋ ዙሪያ ውሃ ታየ። በመርፌ ቀዱላት። የሳንባ ነቀርሳ፣ ቲቢ፣ መስሏቸው ቢመረምሩት አልተገኘም፤ ውሃውም ተመልሶ ሞላ። ወደ አዲስ አበባ ሲልኳት አብሬያት ሄድኩ። ጋሽ ታደሰ የገብስ ቆሎ ቋጥሮ አሳፈረን።

እዚያ ሲቲ ስካን ተነሳች። ሳንባዋን የሚሸፍነው ስስ ልባስ ወፍሮ ጎርበጥባጣ ሆኗል አሉ። ዶክተሩ ዝግ ያለ ሰው ነበር፤ ውሃው ብቻውን ቁርጡን እንደማይናገር፣ ከልባሱ ላይ ቁራጭ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት እንደሚያስፈልግ አስረዳን። በጎኗ በኩል በትንሽ ቀዳዳ ወሰዱላት። ውጤቱን ስንጠብቅ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እሷ ቆሎውን በመዳፏ እያሸች ስለ ባቄላ እሸት ታወራኛለች። ያ ሰሞን ሁሉ ሕልም ይመስለኛል።

ውጤቱ ሜሶቴሊዮማ የሚባል የሳንባ ልባስ ካንሰር ሆነ። ዶክተሩ ምን ስትሠራ እንደኖረች ጠየቃት። የቤት እመቤት ነኝ አለችው። ባለቤትዎስ? የጋሽ ታደሰን ሥራ ስትነግረው ብዕሩን አስቀመጠ። በድሮ የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን እንዳለ፣ ብናኙ ከልብስ ላይ ሲራገፍ በትንፋሽ ገብቶ ከብዙ ዘመን በኋላ እንደሚያሳምም ነገረን። ማስታገሻ እንጂ ፈውስ እንደሌለውም አልደበቀን።

አውቶቡስ ውስጥ እጄን ያዘችኝ።

«ለታዴ ከምን እንደመጣ እንዳትነግሪው። ያጎረሰኝ እጅ ነው። ጸጸት ይጨርሰዋል።»

እቤት ስንደርስ ካንሰር መሆኑን ብቻ ነገረችው። እሷ ከታመመች ወዲህ የማጥበው እኔ ስለነበርኩ ቱታውን ሳነሳ ግን በድንጋጤ ሳበችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እሷ ማጠብ ስላቃታት፣ እኔም ልጅ ስለሆንኩ፣ ቱታውን ወደ ቤት ሳያመጣ እዚያው ጋራዥ እንዲያጥበው ለመነችው። እሱም እሺ አለ። ከዚያ ወዲህ ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ ይገባና አጠገቧ መደቡ ላይ ተቀምጦ ጀርባዋን ያሻታል።

በዓመቱ፣ አደይ ሳይፈነዳ፣ አረፈች።

ከተዝካሯ በኋላ ጋሽ ታደሰ ደጅ ላይ አስቀመጠኝ።

«ቱታዬን ስታነሺ የሳበችሽ ዕለት ሁሉም ነገር ገብቶኛል» አለኝ። «እንዳላወቅሁ እያመነች እንድትሄድ ብዬ ዝም አልኩ።»

አሁን እኔ በዕድሜ አክስቴን አልፌያታለሁ። ቢነጋገሩ ይሻላቸው ነበር ወይ እያልኩ አሁንም አስባለሁ። አንዳንዴ አዎ እላለሁ። ደግሞ እነዚያ ምሽቶች ይመጡብኛል፤ እሱ ጀርባዋን ሲያሻ፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትንፋሿን ስትፈልግ። ያን ጊዜ የቀራቸው ቃል ምን እንደነበር እንጃ።