ዳኛውን ያዋለዱት ምስክር

የቀጠሮ ቀን ሲደርስ እማማ እትብት ማለዳ ተነሥተው ነጩን ጋዋናቸውን ይተኩሳሉ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ጋዋኑም በትከሻቸው ላይ ሰፍቶ ከሌላ ሰው የተዋሱት ይመስላል። ቢሆንም ያለ እሱ ወደ ፍርድ ቤት አይሄዱም። የሥራ ልብሳቸው ነው፤ የሚመሰክሩትም ስለ ሥራቸው ነው።

በእውነተኛ ስማቸው የሚጠራቸው ሰው አልነበረም። የስንቱን እትብት ቆርጠው እማማ እትብት ሆነው ቀሩ። በመንገድ ሲያልፉ ባለሱቁ ወንበር ያወጣላቸዋል፤ ጎረምሳው ሲጋራውን ከጀርባው ይደብቃል። እርሳቸውም የእያንዳንዱን አገጭ ያዝ አድርገው፣ «አንተ ስትወለድ በእግርህ የመጣኸው አይደለህም? እናትህ ያን ቀን ያየችውን እኔ ነኝ የማውቀው» ይሉታል። ሰውየው ሽበት ቢያወጣም፣ ሹም ቢሆንም ከዚህ ንግግር አያመልጥም። ሌላ ሀብት አልነበራቸውም፤ በዚህኛው ግን እንደ ንጉሥ ይኮሩ ነበር።

የሚመላለሱበት ክርክር የራሳቸው አይደለም። የአንዲት በያጅ ነው። ልጅቱ እናቷን በሕፃንነቷ አጥታ ያሳደጋት አባቷ ነበር፤ ብረት መበየድን ያስተማራትም እሱ ነው። አባትየው በሞተ ማግስት አጎቷ የብየዳ ቤቱን በር በሰንሰለት ቆልፎ፣ «ወንድሜ ልጅ የለውም፤ እሷ ከሰው ተቀብሎ ያሳደጋት ናት» ብሎ ሽምጥጥ አድርጎ ካደ። እማማ ይሠሩበት የነበረው ጤና ጣቢያ መዝገብ ቤት ጣሪያው አፍስሶ የዚያ ዘመን መዝገብ ሁሉ ሊጥ ሆኗል። ልጅቱ ታዲያ የአባቷ ልጅ መሆኗን በሰው ምስክር ለማስረዳት ፍርድ ቤት ገባች፤ እስከዚያው በሌላ ሰው ብየዳ ቤት ተቀጥራ።

መጀመሪያ ላይ ምስክሮቹ ሦስት ነበሩ፦ እማማ እትብት፣ አንድ ጎረቤት ልብስ ሰፊና የአባትየው የሥራ ባልደረባ። ሦስቱም በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ችሎት አስከባሪው ብቅ ይልና የቀኑን ዜና ይነግራቸዋል። አንድ ቀን ዳኛው ተዛውረዋል። አንድ ቀን አዲሱ ዳኛ ሥልጠና ላይ ናቸው። ሌላ ጊዜ መቅረጸ ድምፁ ተበላሽቶ ጠጋኝ ይጠበቃል። አንድ ጊዜማ መዝገቡን ውሃ በላው ተባለ፤ ወራት ቆይቶ በሌላ ሰው የአጥር ክርክር መዝገብ ውስጥ ተጣብቆ ተገኘ። የደም ምርመራ ይደረግ ተብሎ የወጣው ትእዛዝ ደግሞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከራተት ሰነበተ፤ አጎትየውም ዛሬ አመመኝ፣ ነገ ጉዳይ አለኝ እያለ ራሱን ደበቀ።

በዚህ መሐል ልብስ ሰፊው ሞተ። ቀጥሎ ባልደረባውም አረፈ። ሁለቱም የሚያውቁትን ይዘው ሄዱ፤ አንድም ቀን አፋቸውን እንዲከፍቱ አልተጠየቁም። አግዳሚው ወንበር ላይ እማማ እትብት ብቻ ቀሩ።

«እማማ፣ እባክዎ አይሙቱብኝ» አለች ልጅቱ አንድ ቀን፣ ለቀልድ ያህል ፈገግ ብላ። ድምፅዋ ግን አልቀለደም።

«መሞት የፈለገ ቀጠሮ ይያዝለት» አሏት። «እዚህ ቤት ቀጠሮ የተያዘለት ነገር መቼ ደርሶ ያውቃል?»

እንዲህ እንዲህ ሲሉ ነው እንግዲህ የምስክር መሰሚያው ቀን የደረሰው። መቅረጸ ድምፁ ተጠግኗል፣ መዝገቡ አለ፣ ዳኛውም አሉ። ዳኛው ጎልማሳ፣ ፊታቸው ቆፍጠን ያለ ሰው ነበሩ። እማማ እትብት ምለው ቆሙ። ዳኛው እንደ ደንቡ ዕድሜያቸውን ጠየቁና፣ «ሥራዎ ምንድን ነው?» አሏቸው።

እማማ እትብት መነጽራቸውን ከፍ አድርገው የዳኛውን ፊት አጤኑ። እጃቸው ወደ ዳኛው አገጭ ሊሄድ ምንም አልቀረው፤ ጠረጴዛው ባይርቅ ኖሮ።

«አዋላጅ ነኝ» አሉ በኩራት። «ይኸው አንተንም ያዋለድኩህ እኔ አይደለሁ? የወፍጮ ቤቱ ልጅ፣ ያ ባለ ትልቅ ጭንቅላቱ። እናትህ ደኅና ናት?»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ዳኛው ከንፈራቸውን ነክሰው ወረቀት አገላበጡ። ያልሳቀው የአጎትየው ጠበቃ ብቻ ነበር። እሳት የላሰ ሰው ነውና ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሣ። «የተከበረው ፍርድ ቤት፣ በምስክርዋና በዳኛው መካከል ያለው ቅርበት በራሳቸው አንደበት ተገልጧል። ዳኛው ከዚህ ጉዳይ እንዲነሡልን እናመለክታለን» አለ። ሳቁ በአንድ ጊዜ በረደ። አቤቱታው ቀረበ፣ መልስ ተሰጠበት፣ ታየ፤ በመጨረሻ ዳኛው በገዛ ፈቃዳቸው ከጉዳዩ ወጡ። መዝገቡም ሌላ ዳኛ እስኪገኝለት ወደ መደርደሪያው ተመለሰ።

እማማ እትብት እቤታቸው ገብተው ጋዋኑን አወለቁና አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ልጅቱ ተከትላቸው መጥታ ነበር።

«አፌን በቆረጠው!» አሉ። «ስንት ዘመን ጠብቀሽ፣ ስንት ዘመን ደጅ ጠንተሽ፣ እኔ አሮጊቷ በአንዲት ቃል ገደል ልክተተው?»

«ይተዉት እማማ። የለመዱት ነገር ነው።»

«እስቲ አሁን እዚያ መኩራት ምን ይሉታል?»

«ችግሩ ኩራትዎ አይደለም» አለች ልጅቱ እየሳቀች። «ችግሩ በዚህ ከተማ እርስዎ ያላዋለዱት ዳኛ ከየት እንደሚመጣ ነው።»

አሮጊቷም ሳይወዱ ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጤናቸውን መጠበቅ ጀመሩ። ጠዋት ጠዋት እስከ መንገዱ ጫፍ እየሄዱ እግራቸውን ያፍታታሉ፤ ቀድሞ የሚሸሹትን መድኃኒት በሰዓቱ ይውጣሉ። ጎረቤት፣ «ምነው በረቱ?» ሲላቸው፣ «ቃሌን ሳልሰጥ አልሄድም» ብለው ያልፋሉ። ሠፈሩ ሁሉ ይህን ነገር እየሰማ ይኮራባቸው ጀመር፤ ቀጠሮ ቀን የሚሸኛቸው ሰው በዛ።

አዲሷ ዳኛ ከሩቅ ተዛውረው የመጡ ሴት ነበሩ። እማማ እትብት ገና እንደ ገቡ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ፤ የዳኛዋን ፊት ካዩ አንድ ነገር እንዳያመልጣቸው ፈርተው። ሥራቸውን ሲጠየቁ፣ «አዋላጅ» ብለው ዝም አሉ። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቁን በሳል ለወጠው።

ጠበቃው ተራው ሲደርስ ቀስ ብሎ ቀረባቸው። «እማማ፣ በሕይወትዎ ምን ያህል ሕፃን አዋልደዋል?»

«ቆጥሬ አላውቅም።»

«ብዙ ነው።»

«ብዙ ነው።»

«እንግዲያ ከዚያ ሁሉ ይህችን አንዷን በምን ያስታውሷታል?»

«እሷንማ አላስታውሳትም» አሉ። ልጅቱ በመቀመጫዋ ላይ ደነገጠች። «ሕፃን ሁሉ ቀይ ነው፣ ሁሉም ይጮኻል። የማስታውሰው አባቷን ነው። እናትየዋ ደም ፈስሷት ከአልጋ መነሣት አልቻለችም። ‹አባቷ፣ ተቀበላት፤ ያንተው ናት› አለችው፤ እኔ መሐላቸው ቆሜያለሁ። ተቀበላት። ሕፃኗን እንዲያጥብ የማስተምረው እኔ ሆንኩ። ውሃውን በእጅህ ሞክረው ስለው፣ መዳፉ በብረት ሥራ ጠጥሮ ሙቀት አይሰማውም። የሚያቃጥል ውሃ ውስጥ እጁን ነክሮ ‹ቀዝቃዛ ነው› አለኝ። በክርንህ ሞክር አልኩት። ከዚያ ወዲያ ሳምንቱን ሙሉ ስመላለስ ያን የመሰለ ግዙፍ ሰው እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ክርኑን ሳፋ ውስጥ ነክሮ፣ ጎንበስ ብሎ ነበር የማገኘው። ይህን የሚያደርግ አንድ አባት ብቻ ነው ያየሁት። ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

ጠበቃው ግን በቀላሉ የሚለቅ አልነበረም።

«ከሳሽዋን እንደ ልጅዎ ይወዷታል ማለት ነው። ለሚወዱት ሰው ደግሞ…»

«እወዳታለሁ» አሉት ሳያስጨርሱት። ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አጎትየውን ተመለከቱት። «የእሱንም ልጆች ያዋለድኩ እኔ ነኝ። አንድ ቀን አንድ ሰው ተነሥቶ ልጆችህ ያንተ አይደሉም ቢለው፣ ይህንኑ ጋዋን ተኩሼ፣ እዚያው ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ተራዬን እጠብቃለሁ። ስንት ዓመት ቢሆንም እጠብቃለሁ። ‹መስክሪልኝ› ብሎ መለመን አያሻውም፤ እንደምመጣ ያውቃል።»

አጎትየው አንገቱን ደፋ። ጠበቃው ወደ ደንበኛው ዞር ብሎ አየና ጥያቄ እንደሌለው አስመዘገበ። የሰጡት ቃል ተነበበላቸው፤ እማማ እትብት በእያንዳንዱ ቃል ራሳቸውን በአዎንታ እየነቀነቁ አዳመጡና ፈረሙ። ዳኛዋ፣ «ይሂዱ እማማ፣ ደክመዋል» ሲሏቸው፣ «አልደከመኝም» አሉ።

ፍርዱ በሌላ ቀጠሮ ተነበበ፤ ልጅቱ የአባቷ ልጅ ናት ተባለ። ጠበቃው ከበሩ ሳይወጣ ስለ ይግባኝ ተናገረ። የልጅቱ ፊት ጨው ሲመስል አይተው እማማ እትብት ክንዷን ያዟት።

«ያሻቸውን ይበሉ፤ ተያቸው» አሏት። «ቃሌ እኮ ተጽፏል። ከእንግዲህ እኔ ብታመምም፣ ብሞትም፣ እሱ አይታመምም።»

ይግባኙም የራሱን ዘመን ፈጀ። እማማ እትብት መጨረሻውን ሳያዩ በእንቅልፋቸው አረፉ፤ ቀብራቸው ላይ የተገኘው ሰው መንገዱን ዘግቶት ነበር ይባላል፣ ከሕዝቡም መሐል የወፍጮ ቤቱ ልጅ ዳኛው ታይተዋል። ሦስት ዳኞች የተሰየሙበት የላይኛው ፍርድ ቤት የታችኛውን ፍርድ ያጸናው ከዚያ በኋላ ነው። የመሐል ዳኛው ውሳኔውን ሲያነቡ የአዋላጇን ቃል ከመጀመሪያው ጀመሩት፤ እናትየዋ ከአልጋዋ ላይ ሆና ያለችውን፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ክርኑ።

ልጅቱ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ቆመች። ችሎት አስከባሪው በእጁ ተቀመጪ አላት። አልተቀመጠችም። ዳኛው ከወረቀቱ ላይ ቀና ብለው አዩዋትና ማንበባቸውን ቀጠሉ።