ማዕዱ ሳይነሳ

ባለፈው ሳምንት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ሲቀራት፣ የምስር ሾርባ በትሪ ይዤ የገዛ ቤቴን ደረጃ ወጣሁ። ቤታችን አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ፣ ከክሊቭላንድ አቬኑ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። እኛ ከታች እንኖራለን፤ ከላይ ኢድሪስ የሚባል፣ በኢትዮጵያ ሲያልፍ አማርኛ የለመደ ሱዳናዊ ወጣት ተከራይቷል። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሰሞን ስለገቡ፣ ባለቤቴ አበራሽ የሠራችው የጾም ምግብ ለሁለቱም ሃይማኖት ይሆናል ብዬ ነበር። በሩን ሦስት ጊዜ መታሁ። በበሩ ሥር ይታይ የነበረው ብርሃን ድርግም ብሎ ጠፋ።

ኢድሪስ ከቤት መውጣት ካቆመ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ሥራም አልገባም፤ መኪናው ላይ የወረደው በረዶ እንዳለ ደርቋል። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና አልተወሰነም፤ ሰፈሩ ደግሞ የኢሚግሬሽን ፖሊሶች መንገድ ላይ ሰው እያስቆሙ ይወስዳሉ በሚል ወሬ ተወጥሯል። የቱ እውነት የቱ ፈጠራ እንደሆነ እኔም አላውቅም። «እኔ ነኝ» ማለት ሲገባኝ አላልኩም። ትንፋሹን ውጦ የተቀመጠ ሰው ዝምታ ምን እንደሚመስል ስለማውቀው ትሪዬን ይዤ ወረድኩ።

ከከተማችን ዳር፣ ከደብሊን ልትጠይቀን የመጣችው ልጄ ሊያ ሳቀችብኝ። «ዳድ፣ ሲሪየስሊ? እንደ ፖሊስ ነው እኮ በር የምትመታው። ቴክስት አድርገው!»

ቴክስት አደረግሁ። መልስ የለም። አበራሽ ሾርባውን መልሳ እስክታሞቀው ድረስ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ፤ ሐሳቤ ግን አርባ ዓመት ወደኋላ ሄዶ ከሰሊጥ ጆንያ መሐል ገባ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከደርግ ሸሽቼ በመተማ በኩል ሱዳን ከገባሁ ሦስት ዓመት አልፎኛል፤ ገዳሪፍ ከተማ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ እሸከም ነበር። አንድ ቀን አሜሪካ ለመሄድ ላመለከትኩት ማመልከቻ መልስ መጣ። ሐሙስ ጠዋት ካርቱም ለቃለ መጠይቅ ቅረብ ይላል። የቀረ ሰው ስሙ ከመዝገብ ወርዶ ነገሩን እንደገና ከሀ ይጀምራል። ችግሩ ግን ስደተኛ ያለ መዘዋወሪያ ፈቃድ ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም መሄድ አይችልም፤ ፈቃዱን ደግሞ ሁለት ወር ደጅ ጠንቼ አላገኘሁትም። ያለ ፈቃድ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው መኪና ላይ ተጭኖ ድንበር አጠገብ ወዳለው ካምፕ ይመለሳል። እኛ ስሙን አፈሳ ብለነው ነበር። ከካምፕ ወጥቶ ገዳሪፍ ለመድረስ ዓመት የፈጀብኝ ሰው፣ ያንን ስም ስሰማ የያዝኩትን ጥዬ እሮጥ ነበር።

በሱዳኖች አልፈርድም። አገሪቱ ራሷ ታማ ነበር። ወታደራዊው መንግሥት ሸሪዓ አውጆ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል፤ በደቡብ ጦርነቱ እንደገና ተነስቷል፤ ድርቁ ገበሬውን ከየቀዬው ነቅሎ ወደ ከተማ ይነዳዋል። ለዳቦ ሰልፍ ነው፣ ለቤንዚን ሰልፍ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ እኛ መጣንባቸው። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው ለስድብ ነው፤ እኔ ግን ሱዳንን ሳስብ ለምስጋና እለዋለሁ፤ ያማሰለችው የእኛን ነበራ።

ሊወስደኝ የተስማማው የሎሪ ሾፌር ሙሳ ይባላል፤ ከሐውሳዎች ወገን ነው። አያቱ ከናይጄሪያ ተነስተው በእግራቸው መካ ሊሳለሙ ሲሄዱ ስንቃቸው ገዳሪፍ ላይ አለቀና እዚያው ቀሩ። ሙሳ እዚያው ተወልዶ፣ እዚያው ወልዶ፣ ዛሬም «እነዚያ መጤዎች» ከመባል አልዳነም። የእኔ ነገር የገባው ለዚህ ይመስለኛል።

«ብትያዝ አላውቅህም» አለኝ ጆንያዎቹን እያስተካከለ። «ሎሪውን ይወርሱብኛል። ስድስት ልጆች አሉኝ።»

ከጆንያዎቹ መሐል መቃብር የምታህል ጉድጓድ ሠራልኝና ሸራውን አለበሰኝ። ዝናብ ሊገባ ሲል ያለው ሙቀት ነው፤ የሱዳንን ሰኔ ያየ ያውቀዋል። ሰሊጥ ሲግል ዘይቱ ይሸታል፤ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። ዛሬም አበራሽ ሰሊጥ ስትቆላ በረንዳ እወጣለሁ። ውኃዬን ገና መንገዱ ሳይጋመስ ጨረስኩት። ወድ መደኒ ከሚባለው ከተማ በፊት ድልድዩ ጋ ኬላ አለ። እዚያ አንድ ሰው ጆንያውን በዱላ ሲወጋጋ፣ ዱላው ከትከሻዬ በስንዝር ርቀት ሲያልፍ ሰማሁ። አለፍን። ከድልድዩ ወዲያ ጀዚራ ነው፤ እንግሊዞች ለጥጥ ብለው በቦይ የከፋፈሉት፣ ዐይን እስኪደክም የተዘረጋ ሜዳ። በሸራው ቀዳዳ የቦይ ውኃ ሽታ ገባ። ተርፌያለሁ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ፤ በአፌም አወጣሁት፤ ያ ነው መሰለኝ ያስቀጣኝ።

ሎሪው በድንገት ፍሬን ያዘ። በቀዳዳዋ አጮልቄ ሳይ መንገዱ ተዘግቷል። ነጭ ጀለቢያ የለበሱ አሥር አሥራ አምስት ወንዶች አስፋልቱ ላይ ቆመዋል። ሁለቱ ረጅም ጥምጣም ፈትተው ከዳር እስከ ዳር እንደ ገመድ ወጥረውታል። አንዱ ዱላ ይዟል። «ውረዱ! ሁላችሁም ውረዱ!» ይላሉ። ከፊታችን የቆመ አውቶቡስ አለ፤ ተሳፋሪዎቹ በሰልፍ ወደ መንገዱ ዳር እየተነዱ ነው። አፈሳ! አልኩ። ሙሳ «እቸኩላለሁ፣ በአላህ ልቀቁኝ» ሲል ሰማሁት። አንድ የሽማግሌ ድምፅ ጮኸበት፦ «ዓለይ አጠላቅ! ካልወረድክ ሚስቴ የተፈታች ትሁን!»

አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ሚስቴን ልፍታ ብሎ እየማለ ሰው የሚያፍስ ፖሊስ በየትም አገር የለም። የፈራ ሰው ግን የሚሰማው የፈራውን ነው። ጉልበቴን አቅፌ ወደ ጆንያው ውስጥ ሰመጥኩ። የሚጮኸው ሁሉ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ፤ ከዚያ የአዛን ድምፅ፣ ከዚያ የብርጭቆ መንኳኳት። ሰዎቹ እየበሉ ነበር። እኔ ሥጋዬን በላብ እየቀቀልኩ፣ እስረኞቹን ለምን ያበሏቸዋል እላለሁ።

ሸራው ተገለጠ። ነጭ ጺም ያለው ሽማግሌ ጆንያው ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየኛል፤ የማለው እሱ ነው። የእጅ ሰዓቴን ፈትቼ ዘረጋሁለት። «ይኸው ውሰድ፣ አሳልፈህ አትስጠኝ» አልኩት በተሰባበረ አረብኛ። ፊቱ ተለወጠ። እንደዚያ የተቀየመ ሰው ከዚያም ወዲህ አላየሁም።

«ለምግቤ ዋጋ ትከፍለኛለህ?»

«ክርስቲያን ነኝ፣ አልጾምም» አልኩ።

«ሃይማኖትህን መቼ ጠየቅሁህ? ወርደህ ብላ ነው ያልኩህ።»

ኋላ ነው የገባኝ። የጀዚራ ሰዎች በረመዳን ፀሐይ ስትጠልቅ ገበታቸውን ከቤት አውጥተው መንገድ ዳር ያነጥፋሉ። የሚያልፈውን ተሽከርካሪ ሁሉ በግድ አስቁመው መንገደኛው ከእነሱ ጋር ካላፈጠረ አይለቁትም። በመንደራቸው በኩል ጾሙን ሳይፈታ ያለፈ ሰው ካለ ነውሩ የመንደሩ ነው። ሐጅ ጣሃ፣ ሽማግሌው ማለት ነው፣ ሎሪው ላይ የወጣው የቀረ ሰው እንዳይኖር ሊያይ ነበር።

ከጎኑ አስቀመጠኝ። ዓሲዳ የሚሉት ገንፎ አለ፤ መሐሉ ላይ በደረቀ ባሚያና በቋንጣ የተሠራ ወጥ ተደፍቶበታል። ቀኑ ረቡዕ ነው። በላሁት፤ ንስሐ አባቴ ኋላ ሲሰሙ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ከብቅል ማሽላ የሚሠሩት ቀላ ያለ መጠጥ አለ፤ ስሙ «ጣፋጭ መራራ» ማለት ነው፤ ሦስት ብርጭቆ ጠጣሁ። ሙሳ ከማዶ ሆኖ እያየኝ ተምሩን ሳይጎርስ በጣቶቹ ያሽከረክራል። ነፍሴ ልትመለስ ስትል ሌላ መኪና መጣ። ጥምጣሙ ተወጠረ፣ ያው መሐላ ተማለ። ከመኪናው ላይ የወረዱት ፖሊሶች ነበሩ።

አለቃቸው፣ አንድ ሃምሳ አለቃ፣ መጥቶ የተቀመጠው ፊት ለፊቴ ነው። እጁን ታጥቦ እኔ የምበላበት ሳህን ውስጥ ከተተ። ሁለት ጊዜ ጎረሰና ቀና ብሎ አየኝ።

«ሐበሻ ነህ?»

«አዎ» አልኩ።

«ፈቃድህስ?»

ሐጅ ጣሃ ቀና አላለም። «እጅህ ከእጁ ጋር አንድ ገበታ ውስጥ ነው» አለ። «ማዕዱ ሳይነሳ ስለ ወረቀት አይወራም።»

«ሲነሳስ?»

«ሲነሳ ያን ጊዜ እናያለን።»

ከዚያ ሐጅ ጣሃ ወደ ቤቶቹ ዞሮ ተጣራ። ሌላ ዓሲዳ መጣ። እሱ ሲጋመስ ባቄላ መጣ። ባቄላው ሲጋመስ ወተት፣ ከወተቱ በኋላ ሻይ፣ ከሻዩ በኋላ እንደገና ተምር። የአውቶቡሱ ሰዎች ጸልየው፣ መርቀው ሄዱ። የእኛ ሳህን ግን ባዶ ሊሆን በተቃረበ ቁጥር ይሞላል። ገባኝ። እስከበላሁ ድረስ ነፃ ሰው ነኝ፤ እጄን ያነሳሁ ዕለት ካምፕ ነኝ። ሆዴ ተነርቶ ልብሴ ጠበበኝ፣ ጎርሼ መዋጥ አቃተኝ፤ ሐጅ ጣሃ በክርኑ ጎሸም እያደረገ «ብላ!» ይለኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ ጥጋብ ሲያምረኝ ኖሬ፣ እግዚአብሔር በአንድ ማታ፣ ያውም በዚያ መንገድ ሰጠኝ። ጎርሼ አለቀስኩ። ሃምሳ አለቃው ሳይወድ እንባዬን አየው።

ትንሽ ቆይቶ ሃምሳ አለቃው ሳቀ፤ ራሱን ነቀነቀ። ብድግ ብሎ ልብሱን አራገፈና ለሁሉም እንዲሰማ ተናገረ፦ «ወንድሞች፣ ምስክር ሁኑኝ። እኔ ከዚህ የተነሳሁት ማዕዱ ሳይነሳ ነው።» መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ሐሙስ ጠዋት ካርቱም በሰዓቱ ደረስኩ፤ ቃለ መጠይቁን አለፍኩ። ከስድስት ወር በኋላ ኮሎምበስ ገባሁ። ሐጅ ጣሃን ተመልሼ ሳላመሰግነው፣ ዳውንታውን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ስቆርጥ ሃያ ሰባት ዓመት አለፈኝ። ይህ ይቆጨኛል፤ ሰበብም የለኝም።

ኢድሪስ ቤቴን ሲከራይ ከየት እንደሆነ ጠየቅሁት። ከዚያው መንገድ ዳር ነው። ሐጅ ጣሃን ያውቀው እንደሆነ ስለው ሳቀ፤ «በየመንደሩ አንድ ሐጅ ጣሃ አለ፣ ጋሼ» አለኝ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «አሁን ያንን መንገድ የሚዘጉት ባለ ጠመንጃዎች ናቸው። ያስቆሙትን አያበሉም።» የእሱ መንደር ሲዘረፍ እናቱ በሌሊት ልብሷ ወጥታ፣ የት እንደገባች ለማወቅ አራት ወር ፈጅቶበታል።

«ሾርባው ሞቋል» አለች አበራሽ። «ልትወጣ ነው ወይስ እኔ ልውጣ?»

እንደገና ወጣሁ። በዚህ ጊዜ አላንኳኳሁም። «ኢድሪስ፣ እኔ ነኝ፤ ጋሼ ታደሰ» አልኩ።

ድምፁ ከበሩ ሥር መጣ፤ መሬት ላይ የተቀመጠ ይመስላል። «ጋሼ፣ አልራበኝም። እናንተ ቤት ባልታይ ይሻላል። የእኔ ነገር ለእናንተ እንዳይተርፍ።»

እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ አይዞህ ምንም አይመጣም ብዬ መማል አልችልም። የምችለው መሐላ አንድ ብቻ ነው። ለአርባ ዓመት ያላወጣሁትን አረብኛ ከጉሮሮዬ ጎትቼ አወጣሁ።

«ዓለይ አጠላቅ! ወርደህ ከእኛ ጋር ካላፈጠርክ ሚስቴ የተፈታች ትሁን!»

አበራሽ ካርቱም አምስት ዓመት ኖራለች፤ አረብኛዋ ከእኔ ይሻላል። ከታች «ማንን ነው የምትፈታው አንተ ሽማግሌ!» ብላ በዚያው ቋንቋ ጮኸች። ከበሩ ወዲያ ሳቅ ሰማሁ፤ መጀመሪያ የታፈነ፣ ኋላ ያመለጠ። ሰንሰለቱ ተፈታ። ኢድሪስ ጺሙ አድጎ፣ ዐይኑ ቀልቶ፣ ካልሲ ብቻ አድርጎ ቆሟል። «እትዬን እንዳትፈታ ብዬ ነው» አለኝ።

ወርዶ በተምር አፈጠረ፤ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ በላ። ሊያ አየችውና በእንግሊዝኛ ጀመረች፤ ልቧ ጥሩ ነው፣ ልትረዳው ፈልጋ ነው። ጉዳይህ የት ደረሰ፣ ወረቀትህ ምን ይላል፣ የማውቀው ሎየር አለ።

«ማዕዱ ሲነሳ» አልኳት።

የእኔ ትሪ የሐጅ ጣሃን ትሪ ያህል ጉልበት እንደሌለው አውቃለሁ። እዚህ አገር ሰውዬው እየበላ ነው ተብሎ ከደጅ የሚመለስ ፖሊስ የለም። ይህን ሳስብ ፈራሁ፤ ለእሱም ለእኛም። ኢድሪስ ማንኪያውን አስቀመጠ። አበራሽ ሳህኖቹን ልትሰበስብ እጇን ዘረጋች።

«ተይው» አልኳት።

አየችኝ። ከዚያ ወደ ኢድሪስ ዞራ፣ ሳህኑን እንደገና ሞላችው። ትሪው ጠዋትም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር።