የጋን ውስጥ ጉንዳኖቼ

ትናንት አከራዬ እትዬ ዘምዘም በበሬ ሥር የተሰለፉትን ጉንዳኖች ሊፈጁልኝ ፍሊት ይዘው መጡ። አንዴ እንደነፉት ሽታው ጉሮሮዬን ያዘኝ፤ እጃቸውን ያዝኩና «ይተዉልኝ፣ እንግዶቼ ናቸው» አልኳቸው። «ባል ብታጪ ጉንዳን ልታገቢ ነው እንዴ?» ብለው እየሳቁ ሄዱ። ይሳቁ። በጉንዳን ምክንያት ከዚህ የባሰ ተብያለሁ።

አሥር ዓመት ግድም ሲሆነኝ፣ ሮቢት ከተማ አጠገብ ባለው ቤታችን ጓሮ አንገቱ የተሰበረ ጋን ነበረኝ። ዝናብ ባባራ ማግሥት ክንፏን የጣለች አንዲት ትልቅ ጉንዳን አግኝቼ ከነአፈሯ ከተትኳት፤ በዓመቱ ልጆቿ ጋኑን ሞሉት። እንዳያመልጡኝ ጋኑን ውሃ በሞላ አሮጌ ሳፋ መሀል ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት፤ ውሃው ሲጎድል እሞላለሁ፣ ቅጠል ወድቆ ድልድይ እንዳይሆንላቸው እለቅማለሁ። ምግባቸው ማሽላ ነበር፣ አልፎ አልፎም የሞተ ዝንብና በጠርሙስ ክዳን የስኳር ውሃ። ፍሬውን ፈልፍለው ገለባውን እንደ አውድማ አንድ ጥግ ሲከምሩ እያየሁ ትምህርት ቤት የረፈደብኝን ቀን አልቆጥረውም።

ያን ዓመት ማሽላችንን እንደ አገሩ ልማድ ጓሮ በተቆፈረ ጉድጓድ ከተን አፉን በድንጋይና በጭቃ ደፍነን ነበር። የተደፈነ ጉድጓድ አየር ከገባው እህሉ ስለሚበላሽ ያለ ጊዜው አይነካም። የበልጉ ዝናብ ካለፈ በኋላ ግን ጉንዳኖች በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ማሽላ ሲያወጡ ታዩ፤ የቤተሰቡም ፍርድ ወዲያው ተሰጠ፦ የእኔዎቹ አምልጠው ጉድጓዱን ቀደዱት።

«የኔዎቹ ውሃ አይሻገሩም» አልኩ። «ቁርኣን የሚያስቀራን ዑስታዝም ጉንዳን አይገደልም ብሎናል።»

«ዑስታዙ ማሽላ አልቀበረም» አለች እማ። «ከገበያ ስመለስ ጋኑን እዚህ ባገኘው የፈላ ውሃ ነው የምገለብጥበት።»

ከሚያወጡት ፍሬ አንዱን አንሥቼ አየሁት፤ ርሷል፣ አጎንቁሏል። የኔዎቹም ጋኑ ሲረጥብባቸው ፍሬያቸውን እንዲሁ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡ ነበር። ጉድጓዱ ውሃ እንደገባው የገባኝ ያኔ ነው። ፍሬውን በመዳፌ ይዤ አባን ብለምነው «ጉድጓድ በጉንዳን ምክር አይከፈትም» አለኝና ከእማ ጋር ቆቦ ገበያ ወረደ።

እኔ ግን ዶማውን አነሣሁ። ጭቃውን ፈረፈርኩ፣ ድንጋዩን በእንጨት ፈነቀልኩ፣ የጉድጓድ ትንፋሽ ሰው እንደሚጥል ስለማውቅም ወደ ኋላ ሸሸሁ። አባ ተመልሶ የተከፈተውን አፍ ሲያይ ዱላ አነሣ፤ የበሰበሰው እህል ሽታ ሲደርሰው አወረደው። በአንድ ጎን ያለው ጠቁሮ ተበላሽቶ ነበር፣ የቀረውን አወጣነውና ጓሮው ሙሉ አሰጣነው።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋኔ ይጨሳል። የተሰጣውን እህል ጉንዳን እንዳይነካው ብላ እማ በየቀዳዳው የፈላ ውሃ ስታፈስ የኔንም አልዘለለችም። ሳፋው ላይ የተንሳፈፉትን በእፍኜ አወጣሁ፤ እናታቸውን አላገኘኋትም።

ያ ማሽላ እስከ አዲሱ እህል አደረሰን። ዛሬ ጉድጓዱ በአፈር ተሞልቷል፣ እህሉ በኬሻ ተገዝቶ ይመጣል፤ ከቤታችን ጎንበስ ብሎ መሬት የሚያይ ሰው ጠፍቷል። አባ ግን ለእንግዳ ሁሉ «ሽታው መጣልኝና ከፈትኩት» እያለ ያወራል። ሽታው የመጣለት እኔ ከከፈትኩት በኋላ ነው።

ባለፈው ዒድ ይህንኑ ሲጀምር ፊቱ ተቀምጬ «አባ፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ የነገሩኝም የገደላችኋቸው ናቸው» አልኩት። እማ ዓይኗን ሰበረች፣ አባ ጉሮሮውን ጠራርጎ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ።

በሚመጣው ዒድም ካነሣው እደግመዋለሁ።