የባየልኝ ወገብ

ባሌ ባየልኝ ሸሕዲ ውስጥ፣ በሰሊጥ መጋዘን፣ ጫኝና አውራጅ ሆኖ አስራ አንድ ዓመት ሠርቷል። ኩንታል ጀርባው ላይ አድርጎ እየቀለደ ነበር የሚራመደው። አምና ኅዳር ከመኪና ላይ ጆንያ ተቀብሎ ዞር ሲል ወገቡ ቋ አለ። በሰው ተደግፎ ቤት ገባ።

እኔ ደግሞ መንታ ወልጃለሁ። በእኛ አገር መንታ የወለደች ሴት የታመመ ወገብ ከረገጠች ይድናል ይባላል፤ ስንቱን ረግጬ «እግርሽ ይባረክ» ተብያለሁ። ጎረቤታችን እትየ ማናዬ ገና ከበር ሆነው፣

«መድኃኒቱን ቤቱ አስቀምጦ ምን ያቃስታል? ውጪበት እንጂ!» አሉኝ።

ባየልኝም በሆዱ ተኝቶ፣ «ቀስ በይ፤ ከወለድሽ ወዲህ አንቺም ኩንታል ሆነሻል» ብሎ አሳቀን።

ወጣሁበት። ጮኸ። በማግስቱ ግራ እግሩ ደነዘዘ፤ ጫማው ሲወልቅ እንኳ አያውቀውም።

ያን ሳስብ ዛሬም ያመኛል። ያኔ ግን ለማልቀስም ጊዜ አልነበረኝም፤ ልጆቹን ለእትየ ማናዬ ትቼ፣ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ አስተኝቼ ጎንደር ሆስፒታል ወሰድኩት።

ሐኪሟ የወገቡን ፎቶ አይታ፣ በአከርካሪው አጥንቶች መሃል ያለው ዲስክ ወጥቶ ነርቭ እንደተጫነ ነገረችን። መርገጤን ስነግራት አልተቆጣችም፣ እግዜር ይስጣት።

«ሁለተኛ እንዳይረገጥ። ያለ ቀዶ ጥገና ሊሻለው ይችላል፤ ሸክም ግን ከእንግዲህ የለም።»

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ሌላ ሥራ አላውቅም» አለ ባየልኝ እየሳቀ። ሳቁ አላማረኝም።

ያሳየችንን እንቅስቃሴ ጠዋትና ማታ ሰሌን ላይ አሠራሁት። ጥር ላይ ደህና መራመድ ጀመረ። መጋዘኑ አጠገብ ሲደርስ ግን መንገድ ይቀይራል። «ምን ልበላቸው? ልመለከት መጣሁ ልበል?»

አንድ ቀን የመጋዘኑ ባለቤት ሐጂ ሙኽታር ራሳቸው ቤታችን መጡ።

«ያ ባየልኝ! አንተ ከጠፋህ ወዲህ ጆንያ የሚከምርልኝ አጣሁ። ትናንት አንድ ክምር ተናደ። ሰው ላይ አለመውደቁ ወላሂ ተአምር ነው።»

«ሐጂ፣ መሸከም አልችልም እኮ።»

«ማን ተሸከም አለህ? እነሱ ይሸከሙ፤ አንተ በአፍህ ከምር!»

ለካ ክምር ጥበብ አለው። አንዱ ረድፍ በቁመት፣ ቀጣዩ አግድም ይተኛል፤ የጆንያው አፍ ወደ ውስጥ ይዞራል። ባየልኝ ይህን ሁሉ ሲሠራ ኖሮ እንደ ሙያ አልቆጠረውም፤ እኔም አልቆጠርኩለትም።

በማግስቱ ሄደ። ጓደኞቹ «አለቃ፣ ፊሽካ እንግዛልህ?» ብለው ተቀበሉት። እግሩ አሁንም አንዳንዴ ይደነዝዛል፤ ያኔ ተነስቶ ወዲያ ወዲህ ይላል።

ትናንት ምሳ ይዤለት ብሄድ አላየኝም። ጣሪያው ድረስ የወጣው ክምር ሥር ቆሞ፣ «አግድም! አግድም ነው ያልኩህ፣ አንተ ሰውዬ!» እያለ ይጮሃል። ተመስገን አልኩና፣ ምሳውን ለዘበኛው ሰጥቼ ወደ ልጆቼ ተመለስኩ።